የባነሩ ነገር፦ የስሜን ተራሮችን ለምትሸጡልን ድርጅቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የስሜን ተራሮች ጉዞ ለምታዘጋጁ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ለሎጅና ለሆቴል ባለቤቶች በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ "ማኅበራዊ ኃላፊነት" የምትሉት ነገር ከደብተርና ከእስክሪብቶ እንዲያልፍ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ከኮቪድ በፊት ነው። ከሳንቃበር ካምፕ ወዲህ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሁለት ልጆች የባነር ጫፍና ጫፍ ይዘው ቆመዋል። ነፋሱ ሊነጥቃቸው ሲል ሦስተኛ ልጅ ተጨመረላቸው። "ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን እንወጣለን!" ይላል ባነሩ፤ ከሥሩ የድርጅቱ አርማና ስልክ ቁጥር። እንግዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ አደሉ፣ ርዕሰ መምህሩ አመሰገኑ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሣ። እኔ ከመኪናው ኋላ ሆኜ የምሳ ሳንድዊች አዘጋጅ ነበር። ባነሩን በግራ በኩል የያዘው ልጅ አባት ባለበቅሎ ነው። ካለፈው ግሩፕ የአራት ቀን ሒሳቡን ያው ድርጅት ገና አልከፈለውም፤ "ከአዲስ አበባ ሲላክ" እየተባለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲሮጥ ሰውየው ከአጥሩ ውጭ በቅሎውን እንደያዘ ቆሞ ያየዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፈገግ አለ እንጂ ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አላልኩት።

ባነሩ እዚያው ቀረ። በኅዳር በዚያው ሰፈር ሳልፍ የገብስ ክምር ላይ ለብሶ አገኘሁት። ጥሩ ሸራ ነው፣ ካፊያ አያስገባም። ከማኅበራዊ ኃላፊነት በዓይኔ ያየሁት ዘላቂ ጥቅም ይኸው ነው ብላችሁ እንደ ቀልድ ውሰዱልኝ። ግማሹ ቀልድ ነው።

ስሜ ለጉዳዩ አይጠቅምም። ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁ የካምፕ ኩክ ነኝ፤ አባቴ በቅሎ ይጭኑ ነበር። ኩክ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ውኃ የሚያፈላ፣ ሁሉም ከበላ በኋላ የሚበላ ሰው ነው። ማታ ማታ ጋይዱም፣ የፓርኩ ጠባቂ ስካውቱም፣ ባለበቅሎውም እሳት ፍለጋ ወደ እኛ ድንኳን ስለሚመጡ የሁሉንም ወሬ እንሰማለን። ከዚህ በታች የምጽፈው ድስት ሥር የሰማሁትንና ራሴ ያደረግሁትን ነው። ራሴ ያደረግሁት የምለው የማፍርበትም ስላለበት ነው።

አሁን እንግዳ የለም ለማለት ይቀላል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የሚመጣው እንደ ጠብታ ነው። ታዲያ ሥራ በሌለበት ጊዜ ስለ ደመወዝ መጻፍ ምን ይባላል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ጊዜው አሁን ነው እላለሁ። ሰላም ሲወርድ ፓኬጃችሁን እንደገና ታወጣላችሁ፣ ዋጋ ትተምናላችሁ፣ ድረ ገጻችሁ ላይ "ዘላቂ ቱሪዝም" የሚል ገጽ ትጨምራላችሁ። ገበያው ከጦፈ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም። ስሌቱ በወረቀት ላይ እያለ ነው መነጋገር ያለብን።

ከወጥ ቤቴ ልጀምር፤ የማውቀው እሱን ነው።

ግጭ ካምፕ 3600 ሜትር ግድም ላይ ነው። የግጭ መንደር ከመነሣቱ በፊት ወደዚያ ስትወጡ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው የገብስ ማሳ ነበር። ካምፕ ደርሳችሁ ጠዋት ለእንግዳ የምናቀርበው ቁርስ ግን ከውጭ አገር በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ አጃ ነበር። ስንት ዓመት በገብስ መካከል የፈረንጅ አጃ አፈላሁ! አንድ ቀን አጃው አለቀብኝና እናቴ እንደምትሠራው የገብስ ሾርባ ሠርቼ ቅቤና በርበሬ ጣል አደረግሁበት። እንግዶቹ ድስቱን አስገለበጡኝ። በሚቀጥለው ጉዞ የድርጅቱን ኃላፊ ገብሱን ከመንገድ ላይ ካሉ ቤቶች ልግዛ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ "ደረሰኝ አላቸው?"

ይህን "ደረሰኝ" የሚሉትን ነገር ሰው አያነሣውም እንጂ የአካባቢው ሰው ከቱሪዝም እንዳይበላ ካደረጉት ነገሮች ትልቁ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እንቁላል የምትሸጥ ሴት ደረሰኝ የላትም። ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ማር ያለው ገበሬም የለውም። ስለዚህ ኩኩ ጎንደር ሱፐርማርኬት ገብቶ፣ ማሽን የቆረጠው ወረቀት ተቀብሎ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ድንች ጭኖ ድንች ወደሚበቅልበት አገር ይወጣል። እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ሒሳብ ሹማችሁ እንዳይቆጣ ብዬ የሰፈሬን ሴቶች ዘልያቸው ሄጃለሁ። ከገበሬ ለሚገዛ ዕቃ የግዥ ማረጋገጫ የሚባል ሰነድ እንዳለ የነገረኝ ጎንደር ያለ ነጋዴ ነው፤ ኦዲተሮቻችሁ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጥያቄው መንገዱ አለ የለም ሳይሆን ማን ይድከምበት ነው። ባነር ለማሳተም የሚደከመውን ያህል ለዚህ ቢደከም ኖሮ ደብተሩን ልጆቹ ከእናታቸው እጅ ይቀበሉት ነበር።

እውነቱን ለመናገር የእኛም ጥፋት አለ። የሰፈር አቅርቦት አንድ ቀን ይሞላል፣ አንድ ቀን ይጎድላል። ስልሳ እንቁላል አዝዤ አርባ የተቀበልኩበት፣ ከአርባውም የተበላሸ ያገኘሁበት ቀን ነበር። አሥራ ሁለት ፈረንጅ ኦምሌት ሲጠብቅ ይህ ቀልድ አይደለም። ይሁን እንጂ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚገዛህ ሰው ጋር ማን ጥንቃቄ ያደርጋል? ሎጆቹ በወር ይህን ያህል እንገዛለን ብለው አስቀድመው ቢዋዋሉ፣ ሴቶቹ ዶሮ ይጨምራሉ፣ የተበላሸውንም ራሳቸው ይለያሉ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ታገሡኝ።

ለእንግዳ የምትሸጡት በዶላር ነው፤ ለእኛ የምትከፍሉት በብር። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሺህ ዶላር የከፈለ እንግዳ ትናንት 57 ሺህ ብር ይዞ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ይዞ ይመጣል። የእናንተም ወጪ እንደጨመረ አውቃለሁ፦ ነዳጁ፣ መለዋወጫው፣ የአዲስ አበባው የቢሮ ኪራይ። የእኛም ጨምሯል። ዘይቱ፣ ቡታጋዙ፣ የበቅሎው ገብስ፣ የልጁ ዩኒፎርም ሁሉ ከዶላሩ ጋር ሽቅብ ወጥቷል። ያልወጣው የባለበቅሎው የቀን ሒሳብ ነው። ተጨመረ የሚባለውም ሲጨመር ዶላሩ ከሄደበት እኩሌታ አልደረሰም። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ የመጣ አንድ ግሩፕ ላይ የሠራሁበት ድርጅት የከፈለኝ በአሮጌው ታሪፍ ነበር። ስጠይቅ "ዘንድሮ ለአካባቢው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ልንሰጥ ነው" ተባልኩ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚባለው ይኼኔ ነው።

ከዚህ የተነሣ ማኅበራዊ ኃላፊነት የምትሉት ነገር ቦታውን ስቷል እላለሁ። እናንተ ከትርፍ ተቀንሶ የሚሰጥ አድርጋችሁት ነው። የእኛ ጥያቄ ትርፉ ከመታወቁ በፊት ያለው ስሌት ውስጥ እንዲገባ ነው። የጉዞ ዋጋ ስትተምኑ የፓርክ መግቢያ፣ መኪና፣ ነዳጅ፣ ሆቴል፣ ጋይድ እያላችሁ በመስመር ትጽፋላችሁ። ባለበቅሎው በዚያ ወረቀት ላይ ስንት መስመር አለው? እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ጋይዱ ነው ያሳየኝ። "ልዩ ልዩ" ውስጥ ነበር፤ ከሶፍት ወረቀትና ከባትሪ ጋር።

ጉርሻውስ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ጥሩ እንግዳ ጥሩ ጉርሻ ይሰጣል፣ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ደመወዙን ከእንግዳው ልብ ጠብቅ ማለት ደመወዝ አይደለም።

ደግሞ የጭነቱ ነገር አለ። ኪሊማንጃሮ ላይ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ፓርኩ ይከለክላል፤ በር ላይ ሚዛን አለ፣ ሻንጣው ይመዘናል። ፔሩ ውስጥ ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው የእግር መንገድ የተሸካሚው ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ በአውሮፓ 2001 በሕግ ተወስኗል። እኛ ዘንድ ዕቃ የሚሸከመው በቅሎ ነውና ሰው የተረሳ ይመስለኛል። ከእያንዳንዱ በቅሎ ኋላ ግን አንድ ሰው አለ፤ ያውም እንግዳው ከሚሄደው ፈጥኖ፣ ካምፕ ቀድሞ መድረስ ያለበት። በኮንጎ ጫማ ነው የሚሄደው። እንግዳው ባለ ሁለት ድርብ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ሲገባ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ የወጥ ቤቱ ድንኳን ጥግ ላይ ይጋደማል፤ ቦታ ከጠበበ ደጅ ነው። ጨነቅ ካምፕ ላይ ጠዋት ስነሣ ጄሪካኑ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሠርቶ በማንኪያ የምሰብርበት ወቅት አለ። አንድ ሌሊት አንድ ሽማግሌ ባለበቅሎ እጃቸው ደንዝዞ የበቅሎውን ገመድ መፍታት አቅቷቸው እኔ ፈታሁላቸው። ለእንግዳ ተብሎ የመጣ ትርፍ ድንኳን እዚያው ከሻንጣው ሳይወጣ አድሯል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ለባለበቅሎ ድንኳን የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ነው።

ለበቅሎዋም እናስብ ካልን፣ ቡይት ራስ፣ የፓርኩ መግቢያ በር ላይ፣ ሚዛን ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? ሚዛኑን ፓርኩ ያስቀምጥ፣ የሚበልጠውን ጭነት ደግሞ ሌላ በቅሎ ቀጥሮ የሚያስጭነው ድርጅቱ ይሁን። ሦስት በቅሎ የሚያስፈልገውን በሁለት መጫን ቁጠባ ይባላል እናንተ ዘንድ። እኛ ዘንድ የቆሰለ ጀርባ ነው።

ስለ ቆሻሻው ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተጫነው ሃይላንድ ሁሉ ባዶውን ይወርዳል ወይ ብላችሁ ቆጥራችሁ አታውቁም እንጂ። የተፈላ ውኃ አቀዝቅዤ ብሞላላቸው የሚጠሉ እንግዶች ጥቂት ናቸው፤ አስቀድሞ ከነገራችኋቸው ጠርሙሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ማገዶውም እንደዚሁ። ፓርክ ውስጥ እሳት በአስታ እንጨት አይነድም ተብሎ ሕግ አለ፤ ግን ቡታጋዙ በመሐል ካለቀ ኩኩ ምን ያድርግ? ለአራት ቀን የሚሰጠኝ ጋዝ ለሦስት ቀን የሚበቃ ከሆነ አራተኛው ቀን ላይ ሕግ የምጥሰው እኔ ነኝ፣ ያስጣሰኝ ደግሞ የናንተ ስሌት። አስታ በዚያ ብርድ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ስካውቶቹን ጠይቁ።

እሳት ካነሣሁ ዘንድ፣ በ2011 ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል መጥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ ድረስ ጓሳው ላይ ቅጠልና አፈር ይዞ የተረባረበው የሰፈሩ ሰው ነው። ቀንድ ያለው ዋልያም ጎፈር ያለው ጭላዳም በእናንተ ብሮሹር ሽፋን ላይ ነው ያለው። እኔ በነበርኩበት ሸንተረር ግን ከድርጅቶቹ የመጣ አንድ አካፋ አላየሁም። ምናልባት በሌላ ሸንተረር መጥቶ ይሆናል።

አሁን ከበድ ወዳለው ልለፍ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲከለል 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች ውስጥ ሁለቱ የኛ ናቸው፣ በዚህ ሁሌም እኮራለሁ። በ1989 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። ዋልያው ቁጥሩ መንምኖ፣ እርሻውና ግጦሹ ገፍቶ፣ መንገድ ተሠርቶበት ነበር። ከዚያ መዝገብ እስኪወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ የወጣው በ2009 ነው። ለመውጣቱ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር መነሣቱ ነበር። በ2008 ከ400 በላይ አባወራ ከአያት ቅድመ አያት ቀዬው ተነሥቶ ደባርቅ ሰፈረ። ካሣ ተከፍሏቸዋል። ተራራ ላይ ገብስ ሲያርስ የኖረ ሰው በካሣው ከተማ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አላስተማረውም።

መነሣታቸው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ፤ እኔም ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። ሣሩ አገግሟል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የግጭ ሰዎች ደግሞ ደባርቅ ጎዳና ላይ የቀን ሥራ ሲጠብቁ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የምለው ስለ እናንተ ነው። በእነሱ መነሣት የበለጠ የሚሸጥ ዕቃ ያገኘው ማን ነው? ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ ንጹሕ ካምፕ፣ "ያልተነካ ተፈጥሮ" የሚል ጽሑፍ። ያ ሜዳ ተነክቶ ነበር፤ ሰው ነበረበት። ሎጆቻችሁ ውስጥ የግጭ ልጅ የሆነ ስንት ሠራተኛ አለ? ብትቆጥሩና ብትነግሩን ደስ ይለናል። ለሎጅ የሚሆን የሠለጠነ ሰው አጣን የምትሉ ከሆነ፣ ሥልጠና ማለት ለማኅበራዊ ኃላፊነት በያዛችሁት በጀት የምትሠሩት ነገር አይደለም እንዴ?

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ አለ። መቄት ላይ "ተስፋ" በሚባለው አሠራር ገበሬው ራሱ የእንግዳ ጎጆ ሠርቶ፣ ራሱ አስተናግዶ፣ አስጎብኚው እንግዳ አምጪ ብቻ የሚሆንበትን አይተናል። መንዝ ጓሳ ደግሞ ከቱሪስት በፊት፣ ከፓርክም በፊት፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በቀጠሮ በጋራ የሚከፍት የራሱ ደንብ ነበረው፤ ቀይ ቀበሮው እዚያ የተረፈው በዚያ ደንብ ጭምር ነው። ሩዋንዳ ከፓርኮቿ ገቢ አሥር በመቶውን በዙሪያው ላለው ሕዝብ ታካፍላለች። ይህ የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ የእናንተ አይደለም። ቢሆንም ጎሪላውን እየጠበቀ ያለው ጎረቤቱ ገበሬ መሆኑን እዚያ ያለ ነጋዴም ሹምም እንደተረዳው ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የአጎቴን ልጅ ጠይቄ ነበር። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ባለሀብት ለአካባቢና ለማኅበራዊ ዘላቂነት ተገቢውን ትኩረት ይስጥ ይላል። ይህን ያህል ይክፈል አይልም። ሕንድ በአውሮፓ 2013 ትልልቅ ኩባንያዎች ከአማካይ ትርፋቸው ሁለት በመቶውን ለዚህ እንዲያውሉ በሕግ ደንግጋለች። የአጎቴ ልጅ እኛም እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልገናል ባይ ነው። እኔ እፈራዋለሁ። ሁለት በመቶው ባነር ሆኖ ይመጣና ዘጠና ስምንቱ እንደነበረው ይቀጥላል።

እንግዳ ሲጠፋስ? በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ፤ ካምፑ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ ጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ግንባሩ ወደ እኛው ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ተጠጋ። እፎይ ብለን መንገድ ስንጠርግ 2015 መጣ። በእነዚህ ዓመታት ስካውቶቹ ተራራው ላይ ቆመው ነበር፤ እኛ ሌሎቻችን ድንች ሸጥን፣ ጎንደር ሄደን የቀን ሥራ ሠራን፣ መተማ ወርደን ሰሊጥ ያጨድንም አለን። ስልክ ደውሎ "እንደምን ከረማችሁ?" ያለን ድርጅት በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ስሙን ብጠራ ራሱም አይወደውም፣ በዚያ ክፉ ወቅት አብረውት ለሠሩ ኩኮችና ባለበቅሎዎች ለየቤታቸው ስንዴ ላከ። ሹፌሩ ስም ከወረቀት እያነበበ አወረደልን። ካሜራ የያዘ ሰው አብሮት አልነበረም። እኔ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚለውን ቃል ያን ቀን ነው የተረዳሁት።

ያ ስንዴ ያልደረሰው ግን በቅሎውን ሸጠ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም የእናንተም ጉዳይ ነው። በቅሎ አትወልድም። ላም የሸጠ ሰው ጥጃ አሳድጎ ሊተካ ይችላል፤ በቅሎ የሸጠ በገንዘብ ካልገዛ አይተካም፣ ዋጋዋም ዛሬ ሌላ ነው። አባቴ የሚያውቋቸው ከአያት የወረሱት ባለበቅሎዎች ገመዱንና ኮርቻውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ነገ ሰላም ሆኖ አሥር ግሩፕ በአንድ ሳምንት ብታመጡ ተራ የሚገባ በቅሎ ከየት ይመጣል? "የዘላቂ ቱሪዝም" ስብሰባ ላይ ስለ ካርቦን ሲወራ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ስለ በቅሎ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በምታወጡት አዲስ ዋጋ ውስጥ የባለበቅሎ፣ የኩክ፣ የስካውትና የጋይድ ሒሳብ በስሙ በየመስመሩ ይጻፍ፤ ዶላሩ ሲወጣ አብሮ እንዲወጣ ሆኖ ይታሰር፤ ግሩፑ ከተራራ በወረደ ቀን እዚያው ደባርቅ ይከፈል። ለባለበቅሎዎች የማደሪያ ድንኳን ከእንግዳው ድንኳን ጋር አብሮ ይጫን። ከእያንዳንዱ እንግዳ በአንድ ሌሊት ትንሽ ነገር፣ አንድ ዶላርም ትሁን፣ እንግዳ ለሚጠፋበት ዘመን ይቀመጥ፤ አስቀማጩ ከእናንተም ከእኛም ማኅበራት የተመረጡ ሰዎች ይሁኑ፣ ደብተሩ ለሁሉም ክፍት ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት የተጠራቀመው ለበቅሎ መግዣ ብድር ይዋል ብል ራስ ወዳድ አትበሉኝ፤ እኔ ኩክ ነኝ፣ በቅሎ የለኝም። ትምህርት ቤቱን እርዱ፣ ማን ይጠላል? ብቻ የልጁን አባት ከከፈላችሁ በኋላ ይሁን።

ጥቂቶቻችሁ ይህን ስታደርጉ እንደቆያችሁ አውቃለሁ። ደብዳቤው ለእናንተ ከበዛ ለጎረቤታችሁ አሳልፉት። የቀራችሁት ደግሞ ኩኩ አብዝቷል ብላችሁ ከዝርዝራችሁ ስሜን እንዳትሰርዙ፤ ስሜን አልጻፍኩምና አታገኙትም። መልስ ያላችሁ ደባርቅ ለሚገኙት የጋይዶች፣ የኩኮችና የባለበቅሎዎች ማኅበራት ላኩ። ወይም ራሳችሁ ኑና ግጭ ላይ አንድ ሌሊት እኛ ድንኳን ውስጥ እደሩ። የገብስ ሾርባ አለ።

የባነሩ ልጅ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነው። የአባቱ የአራት ቀን ሒሳብ እስካሁን አልተላከም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የካምፕ ኩክ
ደባርቅ

ግልባጭ፦
ለቱሪዝም ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
ለስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት